አሮጌ ካምፐር ውስጥ ያለ የፕሮፔን ስቶቭ እንዴት ይጠገናል፦ ከሲሊንደሩ እስከ ነበልባሉ

አምና መስከረም አካባቢ እዚሁ አውሮራ ኮሎራዶ አንድ ሰውዬ ጓሮ ለዓመታት ቆማ የነበረች የ1968 ሻስታ ካምፐር ገዛሁ። ያቺ ከኋላዋ ሁለት ክንፍ ያላት ትንሽዬ ተጎታች ናት፣ የድሮ ካምፐር ሚወድ ሰው ከሩቅ ነው ሚያውቃት። ሻጩ "ስቶቩ ይሰራል" አለኝ፣ የዋሸኝ አይመስለኝም፣ እሱም ሲገዛት እንደዛ ተብሎ ነው የገዛው። ቤት አምጥቼ ሳየው ባለ 3 በርነር ስቶቭ ነው፣ ከስሩ ትንሽዬ ኦቨን አለው፣ ላዩ ላይ የስንት ዓመት ቅባት ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፣ ከሲሊንደሩ ሚመጣው ጎማ ደግሞ ጎንበስ ብዬ ስነካው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጠቀ። አንድ የካምፐር ጥገና ቤት ሄጄ ስጠይቅ "አውጥተህ ጣለው፣ አዲስ እንግጠምልህ" አሉኝ። እኔ ግን አሳዘነኝ። ወፍራም ኢናሜል የተቀባ፣ በርነሩ ከባድ ብረት የሆነ እቃ አሁን ከየት ይገኛል፣ ደሞ አዲሶቹ ስቶቮች ልካቸው ከድሮው ቀዳዳ ጋር ስለማይገጥም ካቢኔቱን መቁረጥ ሊመጣ ነው። ስለዚ ክረምቱን ሙሉ ቀስ እያልኩ ሰራሁት፣ አሁን ይሰራል፣ እንዴት እንደሰራሁት ልንገራችሁ።

በዚ ስራ ላይ ትልቁ ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ብዙ ሰው ቀጥታ በርነር ማጠብ ይጀምርና ሲያብረቀርቅለት ጋዝ ከፍቶ ክብሪት ይጭራል። እኔ ምላችሁ ከሲሊንደሩ ጀምሩ፣ ጋዙ ሚሄድበትን መንገድ እየተከተላችሁ ወደ ስቶቩ ኑ፣ ክብሪት ሚጫረው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ስቶቩ ራሱ እኮ ብዙ ሚበላሽ ነገር የለውም፣ ነሐስና ብረት ነው፣ ሰው ላይ አደጋ ሚያመጣው ከሱ በፊት ያለው ጎማ፣ ሬጉሌተር (የጋዙን ግፊት ሚቀንሰው እቃ) እና መጋጠሚያው ነው።

ደሞ ፕሮፔን ምን አይነት ጋዝ እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ። ከአየር አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ስለሚከብድ ካፈሰሰ ወደ ላይ ወጥቶ አይበተንም፣ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ አልጋ ስርና ካቢኔት ውስጥ ይጠራቀማል። በራሱ ሽታ የለውም፣ ያ የበሰበሰ እንቁላል ሚመስለው ሽታ ሆን ተብሎ ሚጨመርበት ነው። ስለዚ አፍንጫችሁ ቁመታችሁ ላይ ስለሆነ ያልሸተታችሁ ወለሉ ላይ ሊኖር ይችላል፣ እኔ ካምፐር ውስጥ ስሰራ እየተንበረከኩ ነው ማሸተው። ከሸተታችሁ መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም፣ በሩን ከፍታችሁ ውጡ፣ ሲሊንደሩን ዝጉ፣ አየሩ እስኪቀየር ውጭ ጠብቁ።

እሺ ሲሊንደሩ። የኔዋ ካምፐር ከፊት መጎተቻው ላይ ዝገት የበላው አሮጌ ሲሊንደር ታስሮባት ነበር፣ መክፈቻው ክብ። እዚህ አሜሪካ ከ2002 ኤፕሪል ጀምሮ በዛ መጠን ያለ ሲሊንደር ከመጠን በላይ እንዳይሞላ ሚከለክል ቫልቭ ከሌለው አይሞላም፣ ያ ቫልቭ ያለው መሆኑን ምታውቁት መክፈቻው ባለ ሶስት ማዕዘን ሲሆን ነው። እሱም ቢኖረው አንገቱ ላይ የተመታውን ቀን እዩ፣ ከተሰራበት 12 ዓመት ካለፈው ተመርምሮ ማህተም ካልተመታበት ህግ ሚያከብር ጋዝ ሚሞላ ቤት አይሞላላችሁም። እኔ የድሮውን አደገኛ ቆሻሻ ሚቀበሉበት ቦታ ወስጄ አስረከብኩ፣ በቃ አዲስ ባለ 20 ፓውንድ ገዛሁ። አሮጌ ሲሊንደር ቀለም ቀብቶ ለማምለጥ መሞከር አይገባም፣ እዚ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ።

ቀጥሎ ሬጉሌተሩ። ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊት እንደ ሙቀቱ ይለያያል፣ ሞቃት ቀን ላይ ከ100 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች፣ የግፊት መለኪያ ነው) ሊያልፍ ይችላል፣ ስቶቩ ሚፈልገው ግን ግማሽ ፒኤስአይ እንኳ አይሞላም። ይሄን ሁሉ ልዩነት ሚሸከመው ያቺ ሬጉሌተር ውስጥ ያለች ስስ የጎማ ሽፋን ናት። 50 ዓመት ያለፋት ሽፋን ትታመናለች? አትታመንም። ሬጉሌተር አይጠገንም፣ ይቀየራል፣ ጎማውም እንደዛው። ስትገዙ ለአርቪ፣ ማለትም ለካምፐር፣ ሚሆን ባለ ሁለት ደረጃ ሚባለውን ውሰዱ፣ መጀመሪያ ትልቁን ግፊት ይቀንሳል ከዛ ሁለተኛው ክፍል ያስተካክለዋል፣ ነበልባሉ ሲሊንደሩ ሙሉም ይሁን ሊያልቅ የቀረበ አንድ አይነት ይሆንላችኋል። ስትገጥሙት ቀስቱ ጋዙ ወደሚሄድበት ያሳይ፣ መተንፈሻው ቀዳዳ ደሞ ወደ መሬት ይዙር፣ ወደ ላይ ከዞረ ውሃና አቧራ ገብቶ ይደፍነዋል፣ ክረምት ላይ በረዶ ከዘጋው ግፊቱ ይረበሻል።

ሲሊንደሩ ላይ ሚገጥመው አፍ ላይ ትንሽ ላውራ። የድሮዎቹ ውስጥ ለውስጥ ሚገጥም በተቃራኒ ሚዞር ጥርስ ነው ያላቸው፣ ወደ ግራ ስታዞሩ ነው ሚጠብቀው። ይሄን ሳያውቅ ሊፈታ ብሎ በኪያቤ እያጠበቀ ነሐሱን ሚሰነጥቅ ሰው አለ። አዲሶቹ ግን ትልቅ የፕላስቲክ ዳዶ አላቸው፣ እንደተለመደው ወደ ቀኝ ይጠብቃል፣ በእጅ ብቻ፣ ኪያቤ አያስፈልገውም።

ከሬጉሌተሩ በኋላ ካምፐሩ ስር ለስር ሚሄደው የመዳብ ቱቦ ነው። ጀርባችሁ ላይ ተኝታችሁ በባትሪ ከጫፍ እስከ ጫፍ እዩት። ምታዩት ሶስት ነገር ነው፣ የተጣመመና የተጨፈለቀ ቦታ፣ አረንጓዴ ዝገት የያዘ ቦታ፣ እና ወለሉን በስቶ ሚያልፍበት ጋ ከላሜራው ጋር ሲፋተግ የኖረ ቦታ። የኔ ጎማው አጠገብ ያለው ጣት ሙሉ ያህል በብረቱ ተበልቶ ነበር፣ ስንት ዓመት መንገድ ላይ ሲንቀጠቀጥ እንደኖረ አስቡት። ያቺን ቆርጬ አዲስ መዳብ ቀጠልኩ፣ ወለሉን ሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ደሞ የጎማ ቀለበት አደረኩበት።

መዳብ ለመቀጠል የቱቦ መቁረጫና የቱቦ አፍ መግለጫ መሳሪያ ያስፈልጋችኋል፣ ውድ አይደለም። በመጋዝ አትቁረጡ፣ የመዳብ ብናኝ ውስጥ ይገባል ከዛ ሄዶ በርነሩን ይደፍናል። ከቆረጣችሁ በኋላ ውስጡን በስሱ ሞርዱት፣ ዳዶውን መጀመሪያ ቱቦው ላይ አስገቡት (አፉ ከተገለጠ በኋላ አይገባም)፣ ከዛ አፉን በ45 ዲግሪ ግለጡት። የተገለጠው አፍ ልክ እንደ አበባ ዙሪያውን እኩል መሆን አለበት፣ ስንጥቅ ካለው ቁረጡና እንደገና። እዚ ጋ ሁሌ ሚሳሳቱት ነገር አለ፣ ይሄ አይነት መጋጠሚያ ላይ ቴፍሎን ቴፕ አይጠቀለልም! ሚዘጋው መዳቡ ከነሐሱ ጋር ፊት ለፊት ተጫጭኖ ነው፣ ጥርሱ ማጥበቂያ ብቻ ነው፣ ቴፍሎን ከጠቀለላችሁ እንዲያውም በደንብ እንዳይጠብቅ ታደርጉታላችሁ። ቴፕ ሚያስፈልገው ወደ ጫፉ እየቀጠነ ሚሄድ የቧንቧ ጥርስ ላይ ነው፣ እሱም ነጩ የውሃው ሳይሆን ቢጫው ለጋዝ ተብሎ ሚሸጠው። ስታጠብቁ ሁለት ኪያቤ ያዙ፣ አንዱ ይይዛል አንዱ ያዞራል፣ አለበለዚያ ቱቦው አብሮ ይጠመዘዛል።

የድሮ ካምፐሮች ግድግዳ ላይ የጋዝ መብራት ሊኖራቸው ይችላል፣ ለሱም ቀጭን ቱቦ ይሄዳል። የኔዋ ላይ መብራቱ ተነቅሎ ቱቦው ግን ቀርቶ ጫፉ በፕላስተር ተጠቅልሎ ነበር። በፕላስተር! ጋዝ ሚመጣበት ቱቦ። ስለዚ ካምፐሩ ውስጥ ያለውን ቱቦ በሙሉ ተከታተሉ፣ ማትጠቀሙበትን ቅርንጫፍ በነሐስ መክደኛ ዝጉ። ኦቨኑንም እኔ እንደዛው ነው ያደረኩት። የዛን ዘመን አንዳንድ ትንንሽ ኦቨኖች እሳቱ ቢጠፋ ጋዙን ሚዘጋ መሳሪያ የላቸውም፣ የኔም የለውም፣ ነፋስ ቢያጠፋባችሁ ዝም ብሎ ጋዝ ይሞላል። ስለዚ መስመሩን ዘግቼ ኦቨኑን የድስት ማስቀመጫ አደረኩት። ደሞ የዛን ዘመን ኦቨን በር ዙሪያ ያለ ነጭ ገመድ ወይም ስቶቩ ጀርባ ያለ ካርቶን መሳይ ነገር አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ ሚጎዳ ነገር) ሊኖርበት ይችላል፣ አትፋቁት፣ አትቅደዱት፣ በንፋስ አታራግፉት።

አሁን ወደ ስቶቩ መጣን። ሲሊንደሩን ዘግታችሁ ከካምፐሩ አውርዱት፣ መስመሩ ውስጥ የቀረው ጋዝ መስኮትና በር ከፍታችሁ ይውጣ። ከዛ ስቶቩ ሚታሰርባቸውን ቪቴዎች ፍቱ፣ ብዙ ጊዜ 4 ናቸው፣ ክዳኑ ሲነሳ ይታያሉ። የዛገ ቪቴ ካለ አትታገሉት፣ የዝገት ማላቀቂያ ጠብ አድርጋችሁ እስከ ነገ ተዉት፣ ካቻቢቴው ከላላ የቪቴውን ጭንቅላት ይበላዋል። ምትፈቱትን ሁሉ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ እያንዳንዱን በርነር ከየትኛው ቁልፍ ጋር እንደሆነ በቴፕ ምልክት አድርጉበት። ይሄ ነገር በኋላ ያድናችኋል።

በርነሮቹን ከማጠባችሁ በፊት ማግኔት አስጠጉባቸው። ከያዘ ብረት ነው፣ ካልያዘ አሉሚኒየም ነው። ብረት ከሆነ በሙቅ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አሳድራችሁ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጉት። አሉሚኒየም ከሆነ ያ ሀይለኛ የኦቨን ማጽጃ አይነካው፣ ያጠቁረዋል፣ ይበላዋል፣ በሳሙናና በቤኪንግ ሶዳ ብቻ። ኢናሜሉንም በቤኪንግ ሶዳ ለጥፌ አሳድሬ በለስላሳ ስፖንጅ ነው ያነሳሁት፣ ሽቦ ኢናሜል ላይ አታስነኩ፣ አንዴ ከጫረው ዝገት ይጀምረዋል። እሳቱ ሚወጣባቸውን ትንንሽ ቀዳዳዎች በስቴኪኒ አንድ በአንድ ክፈቱ። በመጨረሻ በደንብ አድርቁት፣ እኔ ቤት ኦቨን ውስጥ በትንሽ ሙቀት ነው ያደረኩት፣ ውስጡ ውሃ ከቀረ ነበልባሉ እየዘለለ ይነዳል።

ከበርነሩ ኋላ ጋዙ ሚተፋበት ትንሽዬ የነሐስ ኖዝል አለ፣ መሃሉ ላይ በዓይን ለማየት ሚያስቸግር ቀዳዳ ያለው። ልጅ ሆነን እቤት የላምባ ምድጃ ሲደፈን በቀጭን ሽቦ ጠቅ ይደረግ ነበር አይደል፣ እጃችሁ እሱን ልማድ ይዞ ወደ መርፌ ሊሄድ ነው። እዚ ላይ ተዉት። ለዛ ምድጃ ለራሱ ተብሎ የተሰራ መጥረጊያ ነበረው፣ እዚህ ግን መርፌ ወይም የመብሻ ጫፍ ካስገባችሁ ነሐሱ ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳው ይሰፋል ወይ ሞላላ ይሆናል፣ ከዛ በኋላ ከሚገባው በላይ ጋዝ ይወጣል፣ ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ ድስታችሁን ጥላሸት ይቀባዋል። በአልኮል ውስጥ አንድ ሌሊት ዘፍዝፉት፣ በታመቀ አየር ንፉበት፣ ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩት፣ ክብ ብርሃን ከታየ ጨርሳችኋል። ካልተከፈተ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው አዲስ ግዙ። ሶስቱንም እርስ በርስ አታቀያይሩ፣ ትልቁ በርነር የራሱ ኖዝል ሊኖረው ይችላል።

ከኖዝሉ እስከ በርነሩ ያለው አጭር ቱቦ ደሞ ጋዙ ከአየር ጋር ሚደባለቅበት ነው፣ አየር ሚገባበት መስኮት አለው፣ በትንሽ መሸፈኛ ይጠባል ይሰፋል። እዚህ ቱቦ ውስጥ ሸረሪት ቤት ትሰራለች። ቀልድ አይደለም፣ አሮጌ የጋዝ እቃ ሚጠግን ሁሉ ሚያውቀው ነገር ነው፣ በ2011 ማዝዳ ሸረሪት የነዳጅ መተንፈሻ ጎማ ውስጥ ድር እየሰራች ስላስቸገረች የሸጣቸውን መኪኖች ለጥገና መልሶ ጠርቶ ነበር። ከሶስቱ በርነሮቼ የመሃሉ ድሩ እንደ ጥጥ ተጠቅጥቆበት ነበር። በጠርሙስ ማጠቢያ ቀጭን ብሩሽ አስገብታችሁ ጥረጉት፣ በአየር ንፉት። ቱቦው ከተደፈነ ጋዙ አየር መግቢያው ጋ ተመልሶ ይወጣና እዛው ቁልፉ አጠገብ ሊነድ ይችላል፣ ስለዚ ይሄን ቀላል ነገር ብላችሁ እንዳታልፉት።

አሁን በጣም ጥንቃቄ ሚፈልገው፣ ቫልቮቹ። ቁልፉን ስታዞሩ ውስጥ ሚዞረው ሾጣጣ የነሐስ ቡሽ ነው፣ በሾጣጣ ቤት ውስጥ በስፕሪንግ ተጭኖ ይቀመጣል፣ በመሃላቸው ስስ ግሪስ አለ፣ ጋዙን ሚይዘው ያ ነው። ከ50 ዓመት በኋላ ግሪሱ ደርቆ ሙጫ ይሆናል፣ ቁልፉ አልዞርም ይላል። አስገድዳችሁ በፒንሳ እንዳታዞሩት፣ ዘንጉ ይሰበራል። ፊቱ ላይ ያሉትን ሁለት ቪቴዎች ፍቱ፣ ስፕሪንጉ ሊዘል ስለሚችል በጨርቅ ያዙት፣ ቡሹን አውጡት። አንዱን ጨርሳችሁ ሳትገጥሙ ሌላውን አትክፈቱ ምክንያቱም እያንዳንዱ ቡሽ ከራሱ ቤት ጋር ተፋትጎ ልኩን የያዘ ነው፣ የአንዱ ለሌላው አይሆንም፣ ቢገባም ያፈሳል። የደረቀውን ግሪስ በአልኮል በረጠበ ንጹህ ጨርቅ ጥረጉት። የብርጭቆ ወረቀት አይነካውም፣ ሽቦም አይነካውም። ጭረት ካያችሁበት ያ ቫልቭ አበቃለት፣ ሌላ ፈልጉ።

ሲጸዳ ለጋዝ ቫልቭ ተብሎ ሚሸጠውን ሙቀት ሚችል ግሪስ በጣም በስሱ ቀቡት፣ ጣታችሁ ላይ ያለ ሎሽን ያህል። ቀዳዳዋ ላይ ግሪስ እንዳይቀር። የመኪና ግሪስ፣ የምግብ ዘይት፣ ያ ሁሉም ቤት ያለው ሚረጭ ማላቀቂያ፣ አንዳቸውም አይሆኑም፣ ወይ በሙቀት ይቀልጣሉ ወይ ይደርቃሉ። መልሳችሁ ስትገጥሙት ቁልፉ በለስላሳው ግን በትንሽ ክብደት መዞር አለበት፣ ላላ ብሎ በራሱ ሚዞር ከሆነ ስፕሪንጉ ደክሟል። እጃችሁ እዚ ስራ ላይ ካልተማመነ ቫልቮቹን ብቻ ፈቃዱ ላለው ሰው አሰሩ፣ ሌላውን ራሳችሁ መስራት ትችላላችሁ፣ ምንም ነውር የለውም።

ሁሉም ነገር ቦታው ከተመለሰ በኋላ የሳሙና ፍተሻ። ፈሳሽ ሳሙና ከውሃ ጋር በጥብጡ፣ አሞኒያ ወይም ክሎሪን ያለበት ግን አይሁን ነሐስ ይሰነጥቃል፣ ለጋዝ ፍተሻ ተብሎ ሚሸጠው ከተገኘ ደሞ እሱ ይሻላል። ቁልፎቹ ሁሉ ተዘግተው ሲሊንደሩን ቀስ አድርጋችሁ ክፈቱ፣ በብሩሽ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ቀቡ፣ የቫልቮቹን ዘንግ ጭምር፣ ከስር በኩልም፣ መስታወት ይዛችሁ እዩ። አረፋ ቀስ እያለ ካበጠ ያፈሳል። ትንሽዬ አረፋም አረፋ ነው፣ "ይቺ ምንም አትል" ሚባል ነገር የለም። ዝጉ፣ አስተካክሉ፣ እንደገና ቀቡ።

ሳሙና ግን ብቻውን አይበቃም፣ ካቢኔት ጀርባ ያለ መጋጠሚያ ላታዩት ትችላላችሁ። ለዚህ ማኖሜትር ሚባለው የጋዝ ግፊት መለኪያ አለ፣ ሱቅ ይሸጣል ግን እቤት በጥቂት ዶላር ይሰራል፣ እኔ የሰራሁት እንዲህ ነው። 6 ጫማ ገደማ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ገዝቼ ጣውላ ላይ በዩ ቅርጽ ቸነከርኩት፣ አንዱ ክንድ ከግማሽ ሜትር አላነሰም፣ መሃሉ ላይ በኢንች ማስመሪያ ለጠፍኩ፣ ቀለም ያለው ውሃ እስከ ግማሽ ሞላሁት። የቱቦውን አንድ ጫፍ በርነሩን አንስታችሁ ኖዝሉ ላይ አጥብቃችሁ ሰኩት፣ የዛን ቁልፍ ክፈቱ፣ ሌላው ጫፍ ክፍት ይሁን። ጋዙ ሲመጣ በአንድ በኩል ያለውን ውሃ ወደ ታች ይገፋል፣ በሌላው በኩል ይወጣል። ምትለኩት በሁለቱ መሃል ያለውን ጠቅላላ ልዩነት ነው፣ በአንዱ 5 ኢንች ተኩል ወርዶ በሌላው 5 ኢንች ተኩል ከወጣ 11 ኢንች ማለት ነው። አንድ ሌላ በርነር እየነደደ ልኩ 11 አካባቢ መሆን አለበት፣ ሁሉም ተዘግቶ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ከ14 ካለፈ ሬጉሌተሩ ልክ አይደለም። ውሃው ከቱቦው ፈንጥቆ ከወጣማ ወዲያው ዝጉ። እነዚህ የግፊት ልኬቶች ግን ሚወሰዱት የሳሙናው ፍተሻ ካለፈና ቀጥሎ ምነግራችሁ ፍተሻ ካለፈ በኋላ ነው።

የማፍሰሱ ፍተሻ እንዲህ ነው። ጋዝ መስመሩን ሞልቶ ሲሊንደሩን ዝጉ። ከዛ መስኮት ክፍት ሆኖ የሌላ በርነር ቁልፍ ለቅጽበት ከፍታችሁ ትንሽ ጋዝ ልቀቁና ውሃው 8 ኢንች ላይ እንዲቆም አድርጉ፣ ዝጉት፣ 5 ደቂቃ ቁጭ ብላችሁ እዩ። ለምን 8? ከፍ ብሎ ከተተወ ከሬጉሌተሩ በፊት የታፈነው ጋዝ ቀስ እያለ እየገባ የሚያፈሰውን ይተካዋል፣ ያልፈሰሰ ይመስላችኋል። 5 ደቂቃ ሙሉ ውሃው ካልተንቀሳቀሰ አልፋችኋል። የኔ መጀመሪያ በ2 ደቂቃ ውስጥ አንድ ኢንች ወረደ፣ ሳሙናው ያላሳየኝ ነገር ማለት ነው፣ ስፈልግ ስፈልግ ያ የጋዝ መብራቱን የዘጋሁበት መክደኛ ጋ አገኘሁት፣ የድሮው የመዳብ አፍ ላይ ፀጉር መሳይ ስንጥቅ ነበረበት። ቆርጬ እንደ አዲስ አፉን ገለጥኩት። ያን ቀን ማኖሜትሩን ባልሰራ ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ሳስበው አሁንም ሰውነቴን ይወረኛል።

ከዛ ነው ክብሪቱ። መስኮትና የጣሪያው መክፈቻ ተከፍቶ፣ የእሳት ማጥፊያ በሩ አጠገብ ሆኖ፣ መጀመሪያ ክብሪቱን ለኩሱ ከዛ ቁልፉን ክፈቱ፣ መስመሩ ውስጥ አየር ስላለ ትንሽ ይቆያል። በ5 ሰከንድ ውስጥ ካልያዘ ዝጉ፣ ይናፈስ፣ እንደገና። ነበልባሉ ሰማያዊ ሆኖ መሃሉ ላይ ጥርት ያለ ሾጣጣ ካለው ጥሩ ነው። ጫፉ ቢጫ ሆኖ ሚወዛወዝ ከሆነ አየር አንሶታል፣ መሸፈኛዋን ትንሽ ክፈቷት። እየጮኸ ከበርነሩ ላይ ሚነሳ ከሆነ አየር በዝቶበታል፣ ትንሽ ዝጉ። እኛ ያለንበት ከአንድ ማይል በላይ ከፍታ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ዝቅ ያለ አገር ከሚሆነው ይበልጥ መክፈት ያስፈልጋል።

ነበልባሉ በሁሉም በርነር ላይ ደከም ካለ ቶሎ ስቶቩን አትጠርጥሩ። አዲሱ ሲሊንደር መጋጠሚያ ላይ ጋዝ በድንገት በሀይል ከወጣ መስመሩ ተበጥሷል ብሎ ሚያጠብብ መከላከያ አለ፣ ሲሊንደሩን በፍጥነት ከከፈታችሁ ይሄ ይያዛል። ሁሉንም ዝጉ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ በጣም ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፣ ይስተካከላል።

አንድ ነገር ደሞ ለኛ ሰዎች በተለይ ልናገር። ስቶቩ ካምፐር ማሞቂያ አይደለም። ሌሊት በርዶ ልጆች ሲንቀጠቀጡ ሰው ይፈተናል፣ አውቃለሁ፣ ግን ጠባብ ቤት ውስጥ በርነር አብርቶ መተኛት ማለት ካርቦን ሞኖክሳይድ ማለት ነው፣ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ቡና ለማፍላት ብላችሁ ከሰል ካምፐር ውስጥ እንዳታስገቡ ደሞ፣ በር ከፍቼዋለሁ ብላችሁም ቢሆን፣ አመድ የለበሰ ከሰል እንኳን እየመረዘ ነው። አገር ቤት ከሰል ቤት አስገብተው ተኝተው ያልተነሱ ሰዎች ወሬ ያልሰማ ማን አለ። ከሰሉና ጀበናው ውጭ ይሁን። በባትሪ ሚሰራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ እንደ መመሪያው ስቀሉ፣ የፕሮፔኑን ማንቂያ ግን ወለሉ አጠገብ፣ ቅድም እንዳልኳችሁ ጋዙ ታች ነው ሚተኛው።

ሰኔ ላይ እዚሁ ኮሎራዶ ሌድቪል አካባቢ ወሰድናት፣ ከተማዋ ከ10,000 ጫማ በላይ ናት፣ ከደብረ ብርሃንም ከፍ ትላለች። እዛ አካባቢ በጋ ላይ የእሳት ክልከላ ሲታወጅ እንጨት ማንደድ አይቻልም፣ መዝጊያ ያለው የጋዝ ስቶቭ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀዳል፣ ለዚህም ነው ሚሰራ ስቶቭ ሚጠቅመው። ብርዱም ለፕሮፔን ችግር የለውም፣ እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይተናል። ምስር ወጡ ግን ውሃው ቶሎ ስለሚፈላ፣ ማለትም በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ ቤት ከሚወስደው ብዙ ጊዜ ወሰደ። ባለቤቴ ከማታው ብትዘፈዝፈው ይሻል ነበር አለች፣ ልክ ናት፣ ቀጣይ እንደዛ ነው ምናደርገው። የአየር መሸፈኛዎቹን እዛ ስንደርስ ትንሽ ከፈትኳቸው፣ ነበልባሉ ሰማያዊ ሆኖ ቆየ፣ ድስቱ ስር ጥላሸት አልያዘም።

ስጎትታት ሁሌ ሲሊንደሩን ዘግቼ ነው፣ በየፀደዩ ደሞ ከመውጣታችን በፊት የሸረሪቱን ብሩሽና ያቺን ጣውላ ላይ ያለች የውሃ ቱቦ አወጣለሁ። የግራው በርነር ቁልፍ አሁንም ከሌሎቹ ትንሽ ይከብዳል፣ ዘንድሮ በረዶ ሲጀምር እሱን ፈትቼ ማየት አለብኝ።